የተመሰገኑ መጻሕፍትና ያልጣማቸው አንባብያን

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላና በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ መሸንቲን ያገኛል። በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለለችው ይህች አነስተኛ ከተማ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ስሟ ሲነሣ አይሰማም። ይሁን እንጂ አቀማመጧን ላስተዋለ ሰው በሦስት የአማርኛ ልብ ወለድ ምንጮች መካከል የምትገኝ ናት። በስተሰሜን በጣና ሐይቅ ዳር የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የትውልድ አገር ዘጌ አለ። በስተምዕራብ አቶ አቤ ጉበኛን ያፈራው አቸፈር ይገኛል። ጎዳናውን ተከትሎ ወደ ደቡብ ለሄደም ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ትረካ የጀመሩባት ማንኩሳ ትገኛለች።

እንግዲህ በመሸንቲ የሚማር ወጣት የእነዚህን ደራስያን ሥራዎች ከሌላው ይልቅ የራሱ አድርጎ ያነባቸዋል ተብሎ ቢገመት የሚያስደንቅ አይሆንም። ነገር ግን በመሸንቲም ሆነ በሌላ ሥፍራ የሥነ ጽሑፍ መምህራን የሚያውቁት እውነት ከዚህ ግምት ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ተማሪው የተመሰገነውን መጽሐፍ ይጀምራል፤ ጥቂት ገጾች ገልጦ ይተወዋል፤ በፈተና ወረቀቱ ላይ ግን ሥራው ታላቅ መሆኑን ይመሰክራል። ይህ ምስክርነት መምህሩን የሚያስደስት ቢመስልም አንድ አንባቢ በዝምታ እየተለየ መሆኑን የሚያመለክት ነው። መጽሐፉ ሳይጥመው «ግሩም ነው» ብሎ መጻፍን የለመደ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ መጽሐፍንም ይጨርሳልና።

ስለሆነም የተመሰገነ መጽሐፍ አንዳንድ አንባብያንን ሳያስደስት የሚቀርበት ምክንያት በጥንቃቄ ሊጠና ይገባል። የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ እንደሚያስረዳው ነገሩ የአንባቢው ስንፍና ወይም የደራሲው ድክመት ብቻ አይደለም። ተለይቶ ሊታወቅ የሚችል፣ አብዛኛውን ጊዜም በትምህርት ሊቃለል የሚችል ምክንያት አለው።

፩. ጥያቄው በሌላው ዓለም

ስመ ጥር የሆነን መጽሐፍ አለመውደድ ካለማወቅ ብቻ የሚመነጭ አይደለም። ታላቁ የሩስያ ደራሲ ሊዮ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1906 በታተመው ጽሑፉ የሼክስፒር ድራማዎች ደስታ ሰጥተውት እንደማያውቁ ገልጿል። በረጅም ዘመኑ በሩስያኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ በጀርመንኛም ደጋግሞ ቢያነባቸው ያተረፈው መሰልቸትን ብቻ መሆኑን ጽፎ፣ በተለይ «ንጉሥ ሊር»ን ትዕይንት በትዕይንት እየተከተለ ነቅፏል። ቶልስቶይን ሥነ ጽሑፍ አይገባውም የሚል ሰው አይኖርም። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1947 መልስ ሲሰጥ የጥላቻውን ሥር የፈለገው በቶልስቶይ በራሱ ሕይወትና እምነት ውስጥ ነበር።

ለትምህርት ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አይ. ኤ. ሪቻርድስ ያደረገው ሙከራ ነው። ሪቻርድስ 13 ግጥሞችን የደራስያኑን ስም ሰውሮ ለተማሪዎቹ ሰጠ፤ የተሰማቸውንም በነጻነት እንዲጽፉ ጠየቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። ስም የሚያሳድረው ፍርሃት በተወገደ ጊዜ እንደ ጆን ደንና እንደ ጄራርድ ማንሊ ሆፕኪንስ ያሉ የታወቁ ባለቅኔዎች ሥራዎች ከብዙ ተማሪዎች ነቀፋ ደረሰባቸው። ሪቻርድስ ተማሪዎቹን አልገሠጸም። ጽሑፎቻቸውን እንደ ማስረጃ ቆጥሮ እንቅፋቶቹን ለየ እንጂ። ከእነዚህም መካከል የቃሉን ግልጽ ፍቺ አለመረዳት፣ ከግጥሙ ጋር የማይገናኝ የራስን ትዝታ ማስገባት፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ስሜትን መጫን፣ እንዲሁም በእምነትና በአቋም ምክንያት ከጽሑፉ መራቅ ይገኙበታል። በእኛም አገር ተመሳሳይ እንቅፋቶችን በየመጻሕፍቱ ታሪክ ውስጥ ማየት ይቻላል።

፪. ዘጌ፦ ዘመን የለየው ንባብ

ነጋድራስ አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ኢጣሊያ ተልከው የሥዕል ጥበብ ተማሩ፤ በኋላም በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛን አስተማሩ። «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውና በኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም የታወቀው ድርሰታቸው በ1900 ዓ.ም. በሮም ታተመ። መጠኑ መቶ ገጽ የማይሞላ ሲሆን የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በመሆኑ በትምህርት ቤት ሁሉ ስሙ ይጠራል።

ይህን ማዕርግ ሰምቶ መጽሐፉን የሚከፍት የዛሬ ወጣት ብዙ ጊዜ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። ታሪኩ የተፈጸመበት ዘመንና አገር ተለይቶ አልተነገረም። የጦር አለቃው ይማረካል፤ መንታ ልጆቹ ዋሕድና ጦቢያ ይንከራተታሉ፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሰወራለች፤ በመጨረሻም አረመኔው ንጉሥ አምኖ ጋብቻ ይፈጸማል። አጋጣሚው በአጋጣሚ ላይ ይደራረባል። ዐረፍተ ነገሩ ረጅም፣ የቃላቱም ሀብት እጅግ ሰፊ ነው። ገድልና ተአምር እየሰማ ያደገ አንባቢ በዚህ አይደናገርም፤ ጻድቁ ተፈትኖ መጨረሻው እንደሚያምር አስቀድሞ ያውቃልና። የገጸ ባሕርያትን የውስጥ ሐሳብ በሚተነትኑ በኋላ ዘመን ልብ ወለዶች የሠለጠነ ወጣት ግን «ይህ እንዴት ይሆናል?» እያለ በየገጹ ይቆማል። ስለዚህ ችግሩ አንባቢው መጽሐፉን በሌላ ዘመን መስፈርት መለካቱ ነው። የመጽሐፉን ዘር፣ ይኸውም ከተረትና ከገድል ወደ ልብ ወለድ የሚያሻግር ድልድይ መሆኑን አስቀድሞ ቢያውቅ የሚጠብቀውን ያስተካክላል።

ሌላም እንቅፋት አለ። ነጋድራስ አፈወርቅ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከጠላት ጋር አብረው «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕርግ ይዘዋል፤ ከነጻነት በኋላም በጅማ በግዞት እንዳሉ ዐርፈዋል። ይህን የሚያውቅ አንባቢ የቋንቋቸውን ውበት እያደነቀ ልቡን ሊነፍጋቸው ይችላል። እንዲህ ያለው መራቅ የመረዳት ጉድለት አይደለም። አስቀድሞም ቢሆን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1912 በአሥመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የአፈወርቅን የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ለአጼ ዮሐንስ ፍርድ አጉድሏል ብለው ነቅፈዋል። የደራሲውን ስም ሳይፈሩ ነቀፋን በምክንያት የማቅረብ ልማድ በዘመናዊው የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

፫. ማንኩሳ፦ የተለወጠ ኑሮ

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ ይበልጥ የተመሰገነ ነው ቢባል ተቃዋሚ አይበዛም። ደራሲው በትምህርት ሚኒስትርነትና በፕላንና ልማት ሚኒስትርነት ያገለገሉ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ተማሪ ቤት ትርጉምም መጽሐፍ የጻፉ በመሆናቸው ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች ልዩ ቅርበት አላቸው።

ነገር ግን ይህ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በርእሱ የተሳበ ወጣት አንባቢ በመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚያገኘው የሁለት ወጣቶችን ፍቅር ሳይሆን የማንኩሳዎቹን የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን የጎጆ ታሪክ ነው። ልጃቸው በዛብህ ተወልዶ፣ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ፣ ትምህርቱን ገፍቶ ከሰብለ ወንጌል ጋር እስኪገናኝ ድረስ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በመካከልም ጉዱ ካሣ ስለ ኅብረተሰቡ ሥርዓት የሚያቀርበው ረጅም ሐተታ አለ። መጽሐፉን የሚወዱ ሰዎች ከሚያደንቋቸው ክፍሎች አንዱ ይህ ሐተታ ነው። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የሚቸኩል አንባቢም ከሚዘላቸው ክፍሎች አንዱ ይኸው ነው።

ከርዝመቱ የበለጠ ክብደት ያለው ምክንያት ግን የኑሮው መለወጥ ነው። መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ጭሰኛ፣ ባለ ጉልት፣ ግብርና እጅ መንሻ የሚሉት ቃላት ለገጠሩ አንባቢ የዕለት ተዕለት ኑሮው ነበሩ። የፊታውራሪ መሸሻ ኩራትና የገበሬዎቹ ዐመፅ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ የተወለደ ሰው ግን ያን ሥርዓት በዓይኑ አላየም። አያቱ የሚያስታውሱትን ፍርሃት እርሱ በመዝገበ ቃላት ሊፈልገው ይገደዳል። የዘር ሐረግና የማዕርግ ልዩነት ሁለት ሰዎችን እስከ ሞት ሊለያይ መቻሉም «ለምን ዝም ብለው አይጋቡም?» የሚል ጥያቄ ያስነሣበታል። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ መጽሐፉን አልናቀም፤ መግቢያውን አጣ እንጂ። በሩን የሚከፍትለት የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ብቻ ሳይሆን የታሪክ መምህሩም ጭምር ነው።

በዚሁ ጎዳና ላይ ሌላ ዓይነት አንባቢም አለ። በእንጅባራና በአካባቢዋ አፉን በአዊኛ የፈታ ተማሪ የጎጃምን የአነጋገር ዘይቤና የአበው ምሳሌ በሁለተኛ ቋንቋው ሊቀበል ግድ ይሆንበታል። አፉን በአማርኛ ከፈታው ጓደኛው ጋር እኩል ባይስቅ ወይም እኩል ባያዝን ምክንያቱ ከዚህ ሊፈለግ ይገባል።

፬. በ1962 ዓ.ም. የወጡ ሁለት መጻሕፍት

የአጻጻፍ ዘዴ በአንባቢ ላይ የሚያደርሰውን ለማየት ከ1962 ዓ.ም. የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በዚያ ዓመት የአቶ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» እና የአቶ በዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ታተሙ። ሁለቱም ደራስያን በዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ የዘመናቸውን የሐሳብ ግጭት በሚገባ የሚያውቁ ነበሩ።

«ከአድማስ ባሻገር» በጋዜጠኛ እጅ የተቃና አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ፈጣን ንግግርና የአዲስ አበባ ኑሮ ይዞ ቀረበ፤ አንባቢም ወዲያው ተቀበለው። «አደፍርስ» በአንጻሩ የተማረውን ወጣት ከገጠሩ ባላገርና ባላባት ጋር በክርክር አገናኝቶ፣ ታሪኩን በቀጥታ መስመር ከመንገር ይልቅ ትዕይንትን፣ ጨዋታን፣ የሰሜን ሸዋን አነጋገርና ሐተታን እየቆራረጠ አቀረበ። ሐያስያን በአማርኛ ልብ ወለድ ዕድገት ውስጥ ከፍ ያለ ሥፍራ ሰጥተውታል። ብዙ አንባቢ ግን አስቸጋሪ ሆኖ አገኘው፤ እስከ ዛሬም ከሚነበብበት ይልቅ የሚጠቀስበት ጊዜ ይበዛል። አቶ ዳኛቸው ቀጣዩን ልብ ወለዳቸውን በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1973 በለንደን አሳተሙ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት አንባቢው ሰነፍ ነበር የሚል አይደለም። አዲስ የአጻጻፍ ዘዴ አንባቢውን አብሮ ካላሠለጠነ ብቻውን ይቀራል የሚል ነው። «አደፍርስ»ን በቅደም ተከተል የሚጓዝ ታሪክ አድርጎ ለሚያነበው ሰው የተበጣጠሰ ይመስላል። ልዩ ልዩ ሰዎች በየተራቸው የሚናገሩበት ሸንጎ አድርጎ ለሚያዳምጠው ግን ክርክሩ መልክ ይይዛል። ሸንጎና ክርክር ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም።

፭. አቸፈር፦ ሕዝብ የወደደው፣ ሐያሲ የነቀፈው

ነገሩን ከተቃራኒው ወገን ማየትም ያስፈልጋል። አቶ አቤ ጉበኛ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሸጋገሩ፣ ብዙ መጻሕፍት የጻፉና በብዕራቸው ለመተዳደር ከደፈሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ደራስያን አንዱ ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. የወጣው «አልወለድም» ግፍ በሞላበት ዓለም ላለመወለድ የሚከራከር ሕፃን በማቅረብ የዘመኑን አስተዳደር ነቀፈ። መጽሐፉ በመንግሥት ታገደ፤ ስሙ ግን በሕዝብ ዘንድ ገነነ።

የሥነ ጽሑፍ ሐያስያን በአቶ አቤ ሥራዎች ላይ ያቀረቡት ነቀፋ የታወቀ ነው፤ ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን ወደ ጎን እየተዉ በቀጥታ ይሰብካሉ የሚል ነው። ነቀፋው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ አፍቃሪ የፈለገው ሌላ ነገር ነበር። በአደባባይ ሊነገር የማይቻለውን በግልጽ የሚናገርለት ሰው ፈለገ፤ አገኘም። ሐያሲው እንደ ጉድለት የቆጠረውን ስብከት አንባቢው እንደ ድፍረት ቆጠረው። እንግዲህ አለመደሰት የተማሪ ብቻ አይደለም፤ የተማረውም ሰው ሕዝብ የወደደውን መጽሐፍ ሳያጣጥመው ሊቀር ይችላል። ሁለቱም መጽሐፉን የጠየቁት የተለያየ ጥያቄ ስለሆነ መልሳቸው አልተገናኘም።

፮. ንባብ፣ ትርጓሜና ድምፅ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ጎንጅ፣ ዋሸራና ዲማ በዚህ ጥበብ ስማቸው የገነነ የትምህርት ሥፍራዎች ናቸው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች አንድ ቅኔ ለተማሪው ብቻውን በወረቀት ተሰጥቶ «ውደደው» አልተባለም። ቅኔው በድምፅ ይሰማል፤ ሰሙ ከወርቁ ይለያል፤ ምሥጢሩ ይፈታል፤ ተማሪው ይጠይቃል፤ ራሱም ቆጥሮ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። የመጽሐፍ ቤቱም ሥርዓት ንባቡን ከትርጓሜው አይለይም። ደስታው የሚመጣው ከመፍታት በኋላ መሆኑን መምህሩም ተማሪውም ያውቁ ነበር።

ዘመናዊው ልብ ወለድ ግን ለብቻው ተቀምጦ፣ ድምፁን ሳያሰማ ለሚያነብ ሰው የተሠራ ነው። ይህ ልማድ በአገራችን አዲስ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። ሆኖም ፊደል ከመቁጠር እስከ 500 ገጽ ልብ ወለድ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በመካከሉ መሸጋገሪያ የሚሆን ንባብ ካልተዘጋጀ ፊደል የቆጠረ ሁሉ መጽሐፍ አፍቃሪ ይሆናል ማለት አይቻልም።

በዚህ ረገድ ሬዲዮ የሠራው ሥራ ለትምህርት ጥናት ታላቅ ቁም ነገር አለው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት በተረከበት ጊዜ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች፣ መጽሐፉን ጀምረው የተዉም ጭምር፣ በየቤቱ ተሰብስበው አዳመጡት። ቃሉ ያው የመጽሐፉ ቃል ነበር። ነገር ግን ረጅሙ ዐረፍተ ነገር በድምፅ ሲታጠፍ ቀለለ፤ የጉዱ ካሣ ሐተታ የሕያው ሰው ንዴት ሆነ፤ የመጽሐፉም ርዝመት በየጊዜው በመጠን በመጠን ስለ ተከፈለ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ናፍቆት ሆነ። ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. ቢለይም ድምፁ ዛሬም ይደመጣል። ለአንዳንዱ ሰው በንባብ ያልጣመው መጽሐፍ በጆሮ መጣሙ መጽሐፉም ሰሚውም ያለ ጉድለት ሆነው ሳለ የመገናኛው መንገድ ብቻ ሊሳሳት እንደሚችል ያረጋግጣል።

፯. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ መጽሐፍና አንባቢ ሳይገናኙ የሚቀሩባቸውን አምስት ምክንያቶች ለይቶ ማውጣት ይቻላል። እነዚህም የመጽሐፉን ዘር አለማወቅ፣ የተገለጸው ኑሮ መለወጥ፣ የቋንቋ ርቀት፣ የአጻጻፍ ዘዴው እንግዳነት፣ እንዲሁም ከደራሲው ሥራ ወይም አቋም ጋር አለመስማማት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በመምህሩ ዝግጅት ሊቃለሉ የሚችሉ ሲሆኑ አምስተኛው ሊከበር የሚገባው የአንባቢው ፍርድ ነው። መምህሩ አራቱን ከአምስተኛው ካልለየ ሊረዳው የሚገባውን ተማሪ ይገሥጻል፤ ወይም ሊከበርለት የሚገባውን ሐሳብ እንደ ስሕተት ያርማል።

ለዚህም ሦስት ተግባራዊ እርምጃዎች ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ፈተና የመጽሐፍን ታላቅነት ማስመስከሩን ትቶ ተማሪው የጣመውን ወይም ያልጣመውን ክፍል ገጹን ጠቅሶ በምክንያት እንዲያስረዳ ቢጠይቅ፣ ለሁለቱም መልስ እኩል ነጥብ ሊሰጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ረጅም ልብ ወለድ ከመሰጠቱ በፊት መምህሩ የተመረጡ ክፍሎችን በክፍል ውስጥ በድምፅ ቢያነብ ወይም በተማሪዎች ቢያስነብብ፣ የማይታወቁትንም የኑሮና የሥርዓት ቃላት አስቀድሞ ቢፈታ የጉባኤ ቤቱን ልማድ ለዘመናዊው ትምህርት ማዋል ይሆናል። ሦስተኛ፣ የሥርዓተ ትምህርት ፕላን አውጪዎች መጻሕፍትን ሲመርጡ ስመ ጥሩን ብቻ ሳይሆን ወደ እርሱ የሚያደርሰውን አጭርና ቀላል ንባብ ጭምር በየክፍሉ ደረጃ ቢመድቡ ተማሪው ከተራራው ሥር ብቻውን አይጣልም።

በመሸንቲ የሚማረው ወጣት በአንድ በኩል የዘጌን፣ በሌላው የአቸፈርን፣ በሦስተኛው የማንኩሳን አገር ይዞ ይኖራል። እነዚህን መጻሕፍት ሁሉ እንዲወድ ማስገደድ አይቻልም፤ አይገባምም። የሚገባው «አልጣመኝም» ባለ ጊዜ ሳይፈራ «ምክንያቱም» ብሎ እንዲቀጥል ማስተማር ነው። ከዚያ ቃል በኋላ የሚናገረውን የሚያዳምጥ መምህር የትኛው በር እንደ ተዘጋበት ያውቃል።